ያበጠ እግር፦ ፋሻ፣ ማሸት፣ እንቅስቃሴ ወይስ ካልሲ? የሊምፍ እብጠት ሕክምናዎችን አመዛዝኖ ለመሥራት

ሐዋሳ ውስጥ እግሩ ለዓመታት ያበጠ ሰው ፊዚዮቴራፒ ክፍል ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ሞክሯል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሽቷል፣ ከፋርማሲ ቡናማውን ተለጣጭ ፋሻ ገዝቶ አስሯል፣ እንደ ላሲክስ ያለ ውሃ የሚያስወጣ ክኒን ውጧል። እግሩ ግን አልጎደለም። ክኒኑ ያልሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ሊምፍ፣ ከሥጋ ተሰብስቦ በራሱ ቧንቧዎች ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ፣ ውሃ ብቻ ሳይሆን ፕሮቲንም የተሸከመ ነው። ክኒኑ ውሃውን በኩላሊት በኩል ያስወጣል፣ ፕሮቲኑ ግን ከቆዳ ሥር ይቀርና ውሃውን መልሶ ይስበዋል። ይህ ሲደጋገም ሥጋው ይጠነክራል፣ ቆዳው ይወፍራል።

ከዚህ በታች ያለው የእያንዳንዱ ሕክምና ጥቅም፣ ድክመትና አሠራር ነው። አቋማችንን አስቀድመን እንናገር፦ እብጠቱን የሚያጎድለው በትክክል የታሰረ ፋሻ ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ፋሻውን ያግዛል፣ ወይ ፋሻው ያስገኘውን ይጠብቃል። ገንዘብና ጊዜ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለሳሙናና ለፋሻ ይዋል።

እብጠቱ የሊምፍ መሆኑን ማረጋገጥ

ከእግር አውራ ጣት ቀጥሎ ያለችውን ጣት ይያዙና ሥሯ ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጠው ለማንሳት ይሞክሩ። ቆዳው ወፍሮ አልነሳ ካለ የሊምፍ እብጠት ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ቢነሳ ግን «ሊምፍ አይደለም» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በመነሻው ደረጃ ላይ ሊነሳ ይችላል። የሊምፍ እብጠት የእግሩን ገጽና ጣቶቹንም ያሳብጣል። በልብ፣ በኩላሊት ወይም በጉበት ምክንያት የሚመጣው እብጠት ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከፊትና ከሆድ ማበጥ ጋር ሊመጣም ይችላል።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ፋሻም ሆነ ማሸት አይጀመርም፣ ቀድሞ ሐኪም ይታያል፦

– በአንድ እግር ላይ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ እብጠት፣ በተለይ ባት ላይ ሕመም ካለው። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።
– ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሚያቃጥልና የቀላ እግር።
– ተኝቶ መተንፈስ የሚያስቸግረው የልብ ድካም። ከእግር የተገፋው ፈሳሽ ወደ ልብ ነው የሚሄደው፤ ደክሞ የነበረ ልብ ይጨናነቃል።
– ቀዝቃዛና የገረጣ እግር፣ ትንሽ ሲራመዱ ባት የሚይዝ ሕመም፣ የማይድን የጣት ቁስል። ይህ የደም ቧንቧ መጥበብ ምልክት ነው። ሐኪሙ የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት በክንድ ግፊት ያካፍላል። ውጤቱ ከ0.5 በታች ከሆነ ፋሻ ክልክል ነው፤ በ0.5 እና በ0.8 መካከል ከሆነ ላላ ያለ ፋሻ በባለሙያ ክትትል ብቻ ይታሰራል።

የስኳር ሕመም ኖሮት እግሩ የደነዘዘ ሰው ፋሻው ሲያጠብቀው አይሰማውም፤ ሌላ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጣቶቹን ማየት አለበት።

በሐዋሳ ዙሪያ፣ በሲዳማና በወላይታ ደጋማ ቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ ለዓመታት የሠሩ ሰዎችን የሚይዘው እብጠት ብዙውን ጊዜ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የዚህ አፈር ረቂቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባና፣ በዘር ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያበላሻል። ከውስጥ እግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፣ ሁለቱን እግር ቢይዝም እኩል አያሳብጥም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ጎረቤትም ቤተሰብም ሊያውቀው ይገባል፤ ብዙ ታማሚ ከማዕድና ከሰርግ ቤት የሚርቀው በዚህ ስሕተት ነው። በካንሰር ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ምክንያት የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጭን ይጀምራል። የፊዚዮቴራፒው አሠራር ለሁለቱም አንድ ነው። ለዝሆኔ ግን እጥበትና ጫማ ከሁሉም ይቀድማሉ።

መለካት

ያልተለካ እግር «ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» ማለት ግምት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትርና እስክሪብቶ ይበቃል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ካልሆነም 20 ደቂቃ ተኝተው ካረፉ በኋላ፣ ከቁርጭምጭሚት አጥንት ከፍ ብሎ ጀምሮ እስከ ጉልበት ሥር በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያድርጉና በየምልክቱ ዙሪያውን ይለኩ። የእግሩን ገጽ መሐል ዙሪያም ይጨምሩ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቅ፤ የሚለካውም ሁልጊዜ አንድ ሰው ቢሆን ይሻላል።

ወደ መጠን ለመቀየር ሁለት ተከታታይ ዙሪያዎችን ይውሰዱ። የመጀመሪያውን በራሱ ያባዙ፣ ሁለቱን እርስ በርስ ያባዙ፣ ሁለተኛውን በራሱ ያባዙ፣ ሦስቱን ይደምሩ። ድምሩን በ4 አባዝተው ለ37.7 ያካፍሉ። ለምሳሌ 24 እና 26 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፦ 576 + 624 + 676 = 1,876፤ በ4 ሲባዛ 7,504፤ ለ37.7 ሲካፈል ወደ 199 ሚሊ ሊትር። የሁሉም ክፍል ድምር የእግሩ መጠን ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ መለካት ተስፋ ከማስቆረጥ በቀር ጥቅም የለውም።

እጥበት

እጥበት እብጠቱን ብዙም አያጎድልም፣ እግሩ እንዳይቆጣ፣ ማለትም በድንገት እንዳይቀላ፣ እንዳያቃጥልና ትኩሳት እንዳያመጣ፣ ግን ይከላከላል። እግር በተቆጣ ቁጥር ተጨማሪ የሊምፍ ቧንቧ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሌላው ሕክምና መሠረት ይህ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በዝሆኔ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ጥናት፣ እጥበት፣ ቅባት፣ እንቅስቃሴ፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ያገኙት ሰዎች እግር በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲቆጣ፣ ገና ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ግን 23.9 ጊዜ ተቆጥቶባቸዋል። ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ቁጥሩ ራሱ ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይናገራል፤ በወር ሁለት ጊዜ ገደማ መተኛት ማለት ነው።

በንጹሕ፣ ለእጅ በማይሞቅ ውሃና በተራ ሳሙና ከጉልበት እስከ ጣት በእጅ ወይም በለስላሳ ጨርቅ ያጥቡ። በጣቶች መካከልና በቆዳ እጥፋት ውስጥ ይግቡ። ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ ያለቅልቁ። ሽታ ያለው ወይም የቆሰለ እግር ከሆነ በሳፋ 6 ሊትር ውሃ አድርገው 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 5 በመቶ በረኪና ይጨምሩና 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ሁሉም በረኪና 5 በመቶ አይደለም። «ይበልጥ ይገድላል» ብሎ መጨመር ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁም አዲስ የጀርም መግቢያ ይሆናል።

ከዚያ ሳይፈትጉ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። የጣቶች መካከል ካልደረቀ ፈንገስ ይይዘዋል፤ ፈንገስ ከያዘው የዊትፊልድ ቅባት ይቀባል፣ በተከፈተ ቁስል ላይ ግን አይደለም። ለቀረው ቆዳ ቫዝሊን ይበቃል፣ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም።

ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ «ለምን እዚያ አልነክረውም» የሚል አለ። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ቢልሃርዚያ ይገኝበታል፣ የተሰነጠቀ ቆዳም ለሌላ ጀርም ክፍት ነው። እግሩ እቤት ይታጠብ።

ፋሻ

በፋርማሲ በብዛት የሚገኘው ቡናማ ፋሻ ሲሳብ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። እንደ ላስቲክ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ስለሚጨምቅ ተኝተው እያሉም ያስጨንቃል፣ ሲራመዱ ደግሞ ከባቱ ጋር አብሮ ስለሚለጠጥ አይገፋም። ለሊምፍ የሚያስፈልገው በጥቂቱ ብቻ የሚሳበው፣ የጥጥ ክር የበዛበት ፋሻ ነው። እሱ በእረፍት ጊዜ ገር ነው፤ ሲራመዱ ግን ባቱ ሲያብጥ እንደ ግድግዳ ይቆምበታል፣ መሐል ላይ ያለው ፈሳሽም ወደ ላይ ይገፋል። ቡናማውን ብቻ ካገኙ ቀን ቀን ይሰሩት፣ ማታ ግን ይፍቱት።

ለአንድ እግር፣ ከጣት እስከ ጉልበት ሥር፦ አንድ የጥጥ ጨርቅ ቱቦ (ጣቱ የተቆረጠ ቀጭን ረጅም የጥጥ ካልሲም ይሆናል)፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ወይም ሁለት ጥቅል ጎዝ፣ ጀሶ ሥር የሚጠቀለለው ዓይነት 10 ሴንቲ ሜትር ጥጥ ሁለት ወይም ሦስት ጥቅል፣ ጥቂት ስስ ስፖንጅ፣ አንድ 8 ሴንቲ ሜትር እና ሁለት 10 ሴንቲ ሜትር ፋሻ፣ ፕላስተር። ፋሻው ሁለት ሁለት ቢሆን ይመረጣል፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲታሰር። የፋሻው የብረት መቆንጠጫ ይጣል፤ የደነደነ ቆዳ ላይ ሲያቆስል አይሰማም።

1. ጠዋት፣ እግሩ ታጥቦ፣ ደርቆና ተቀብቶ፣ 20 ደቂቃ ከፍ ብሎ ካረፈ በኋላ ይጀምሩ። ማታ በተሞላ እግር ላይ የታሰረ ፋሻ በማግስቱ ይላላል።

2. የጨርቁን ቱቦ ያልብሱ። ጎዙን በእግሩ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ አዙረው ወደ አውራ ጣት ይውሰዱ፣ ከጥፍሩ ሥር ጀምሮ ወደ ጣቱ መነሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩ፣ በእግሩ ገጽ በኩል ወደሚቀጥለው ጣት ይለፉ። ትንሿ ጣት ብትቀር ግድ የለም። ጣት ሳይጠቀለል የቀረ እግር ላይ ፈሳሹ ጣት ውስጥ ይሰበሰባል፤ በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው።

3. ጥጡን ከጣቶቹ ሥር እስከ ጉልበት ግማሽ በግማሽ እያደራረቡ ያጠቅልሉ። ከቁርጭምጭሚት አጥንቶች ኋላ ባሉት ጎድጓዳ ቦታዎች የተቆረጠ ስፖንጅ ያስገቡ፤ በቅልጥሙ አጥንትና በተረከዙ ጅማት ላይ ጥጥ ይደርቡ። አንድ ዓይነት አሳሳብ ቀጭን ቦታ ላይ የበለጠ ግፊት፣ ወፍራም ቦታ ላይ ያነሰ ግፊት ይፈጥራል። አጥንቱ የሾለበት ሁሉ የሚቆስለው ለዚህ ነው፣ ስንሞላው ግን ክብ ይሆንና ግፊቱ ይበተናል።

4. ቁርጭምጭሚቱ እንደ መቆም ቀጥ ብሎ (90 ዲግሪ) ይያዝ። 8 ሴንቲ ሜትሩን ከጣቶች ሥር ሁለት ጊዜ ሳይስቡ ያዙሩ፣ ከዚያ በመጠኑ እየሳቡ ወደ ተረከዝ ይሂዱ፣ በተረከዝና በቁርጭምጭሚት ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ ተረከዙን ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑ። ክፍት የቀረ ተረከዝ በመስኮት እንደሚወጣ ሰው ፈሳሹ ወደዚያ ይጎርፋል።

5. የመጀመሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ግማሽ በግማሽ እየደረቡ ያዙሩ። አሳሳቡን ከታች እስከ ላይ አንድ ያድርጉ። «ወደ ላይ ላላ ላድርገው» ማለት አያስፈልግም፤ ባቱ ስለሚወፍር ግፊቱ በራሱ ይቀንሳል። የመጨረሻውን 10 ሴንቲ ሜትር በሌላ አቅጣጫ ደግመው ከጉልበት እጥፋት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ያቁሙ፣ በፕላስተር ይያዙ።

6. የጣት ጥፍር ተጭነው ይልቀቁ፤ ቀለሙ ከማሰርዎ በፊት እንደነበረው ፈጥኖ መመለስ አለበት። ከዚያ 15 ደቂቃ ይራመዱ። ጣት ከጠቆረ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ፣ ወይም ሳይራመዱም የሚጠዘጥዝ ሕመም ከመጣ ወዲያው ይፈታል። ጥብቅ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም።

በመጀመሪያው ዙር፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ በየቀኑ ተፈትቶ እንደ አዲስ ይታሰራል፣ ቀንም ሌሊትም ይቆያል። የሐዋሳ ሙቀት ፋሻ ሥር ላብ ስለሚያበዛ ከአንድ ቀን በላይ ሳይፈቱ ማቆየት ቆዳን ያበሰብሳል። በመጀመሪያው ሳምንት እግሩ ፈጥኖ ስለሚጎድል ፋሻው በቀትር መውረዱ የተለመደ ነው፤ ከላይ መጠገን ሳይሆን ፈትቶ መድገም ነው መፍትሔው። ፋሻው ለብ ባለ ውሃ በሳሙና ይታጠባል፣ አይጠመዘዝም፣ በጥላ ተዘርግቶ ይደርቃል። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ፋሻ በገዛ ክብደቱ ይላላል።

ፋሻና የግፊት ካልሲ የሚሰጡት ሌላው ትልቅ ጥቅም ደግሞ መቆጣትን መከላከል ነው። በአውስትራሊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ እግራቸው ያበጠና ተደጋጋሚ የቆዳ ኢንፌክሽን የያዛቸው 84 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግፊት ካደረጉት 41 ሰዎች 6ቱ፣ ካላደረጉት 43 ሰዎች 17ቱ እንደገና ታመሙ።

ማሸት፦ የወጌሻ እጅ እና የሊምፍ እጅ

የሊምፍ ማሸት የተጀመረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር ነው። ከወጌሻ ማሸት ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም። ወጌሻ ጡንቻና አጥንት ጋ ለመድረስ ይጫናል፤ የሊምፍ መነሻ ቧንቧዎች ግን ከቆዳ ሥር ወዲያው ያሉ ስስ ክሮች ናቸው፣ ጠንካራ እጅ ይደፍናቸዋል ወይም ይበጥሳቸዋል። ወደ ቦታው ብዙ ደምም ይስባል፣ ደም በበዛ ቁጥር ፈሳሽ ይጨምራል። በትክክል የታሸ እግር አይቀላም፣ አያምም። ዘይትም አይቀባም፣ እጅ ቆዳውን ይዞ መሳብ አለበትና፣ ከተንሸራተተ ሥራው የለም።

ቅደም ተከተሉ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተገላቢጦሽ ነው። ከእግር አይጀመርም። በር ሳይከፈት ሰው አይወጣም፦ መጀመሪያ ከአንገት ሥር፣ ከአጥንቱ በላይ በቀስታ 10 ጊዜ፤ ከዚያ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ 5 ጊዜ በጥልቀት መተንፈስ፤ ከዚያ ብሽሽት፣ ቀጥሎ ጭን፣ የጉልበት ኋላ፣ ባት፣ መጨረሻ የእግር ገጽ። በእያንዳንዱ ቦታ ቆዳውን ወደ ብሽሽት አቅጣጫ ቀስ አድርገው ይሳቡት፣ ይልቀቁት፣ ራሱ ይመለስ። በባለሙያ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቤት ውስጥ 15 ደቂቃ ይበቃል። የካንሰር ታሪክ ያለው ሰው ብሽሽቱን ወይም ሆዱን ከመነካቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ማሸት ብቻውን ታሽቶ ፋሻ ሳይታሰር የሚሄድ ሰው ያገኘውን በሰዓታት ውስጥ ያጣዋል። ከፋሻ ጋር ሲሆን የተወሰነ ተጨማሪ ጥቅም ይሰጣል፣ በተለይ ገና ለስላሳ የሆነ እብጠት ላይ፤ ጭንና ብልት አካባቢ ፋሻ በማይደርስበት ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። እግሩ የጠነከረና ከጉልበት በታች የቆመ ዝሆኔ ከሆነ ግን የማሸቱ ክፍያ ለፋሻ ቢውል ይሻላል።

ብጣትና ዋግምትን በተመለከተ ማለባበስ አያስፈልግም፤ ያበጠ እግር ላይ በምላጭ የተከፈተ ቆዳ የኢንፌክሽን በር ነው። የወጣው ፈሳሽ በማግስቱ ይተካል፣ ቁስሉ ግን ለወራት ይቆያል።

እንቅስቃሴ

እንቅስቃሴ ፋሻ ወይም ካልሲ ለብሶ ነው የሚሠራው፤ ባዶ እግር ላይ ግድግዳው ስለሌለ ግፊቱ ይባክናል። በቀን ሁለት ጊዜ፦ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ፣ ማዞር በየአቅጣጫው 10 ጊዜ፣ ጉልበት ማጠፍና መዘርጋት 15 ጊዜ፣ ወንበር ተደግፎ በጣት መቆም 10 ጊዜ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መራመድ፤ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ሜዳ ስለሆነና ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ ተስማሚ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ስፌት ላይ ቁጭ ብሎ ወይም ቆሞ የሚውል ሠራተኛ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቱን 20 ጊዜ ቢያንቀሳቅስ ማታ የሚሰማው ክብደት ይቀንሳል። እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ብቻውን የሚረዳው በማለዳ ጎድሎ የሚያድር እብጠትን ነው።

ካልሲ እና ማሽን

የግፊት ካልሲ አያጎድልም፣ ይጠብቃል። ያበጠ እግር ላይ የተገዛ ካልሲ እብጠቱን በዚያው ልክ አጽንቶ ያቆየዋል። ስለዚህ ጊዜው የሚደርሰው የሁለት ተከታታይ ሳምንት ልኬት ለውጥ ሲያጣ ነው። ልኩ ጠዋት፣ ፋሻው በተፈታ ቅጽበት ይወሰድ፤ በጫማ ቁጥር ብቻ አይገዛ። ለእግር የሊምፍ እብጠት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ23–32 ወይም ከ34–46 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ) ነው። ቅርጹ ለተበላሸ እግር ስፌት ያለው፣ ጠፍጣፋ ተሠርቶ የተገጣጠመው ይሻላል፤ ቀጭኑ ያለስፌት የሆነው በእጥፋት ውስጥ ገብቶ እንደ ገመድ ያንቃል። የላስቲክ ጓንት አድርገው ያልብሱ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፤ ማታ ይወልቃል። በ6 ወር ገደማ ይላላል፣ ይቀየራል። እጢ መሰል ጉብታና ጥልቅ እጥፋት ያለው እግር ካልሲ አይሆንለትም፤ ፋሻ ይቀጥላል።

የአየር ማሽኑ፣ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት እየነፋ የሚጨምቀው ጫማ፣ ውሃውን ይገፋል፣ ፕሮቲኑን ግን በደንብ አያነሳም። ብሽሽት አስቀድሞ በማሸት ሳይከፈት ከተነፋ ፈሳሹ ጭን ላይ ወይም ብልት ላይ ይሰበሰባል። ለማይራመድ ሰው ጥሩ ረዳት ነው፣ ለሌላው ግን ወጪው ከጥቅሙ ጋር አይመጣጠንም።

እግሩ ከተቆጣ

ፋሻ ይፈታ፣ ማሸትና እንቅስቃሴ ይቁም። እግሩን ከፍ ያድርጉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ያድርጉበት፣ ብዙ ውሃ ይጠጡ፣ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ትኩሳት ካለ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከወጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ይጨርሱ። ሕመሙ ሲበርድና ቆዳው መነካት ሲችል መጀመሪያ እጥበቱ፣ ከዚያ ላላ ያለ ፋሻ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚቀጥለው ቀለል ያለ ነው፦ በየቀኑ እጥበት፣ ቀን ካልሲ ወይም ፋሻ፣ በወር አንድ ልኬት። መጠኑ ከዝቅተኛው ልኬት 10 በመቶ ከጨመረ፣ ለምሳሌ ከ2,500 ሚሊ ሊትር ወደ 2,750፣ ካልሲውን አስቀምጠው ለአንድ ሳምንት ቀንና ሌሊት ወደ ፋሻ ይመለሱ። ጫማው ደግሞ ፋሻው ታስሮ እያለ ይገዛ፤ ሽፍን፣ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፌት የማይጎረብጥ። ክፍት ጫማ በቀይ አፈር ላይ ከባዶ እግር ብዙም አይሻልም።